የማያዩት ሰው ሲጠራ

ስሙኝማ፣ እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ እኛ ሰፈር ሰው ጂኒን አይፈራም፣ ጂኒው ነው ሰውን የሚፈራው። እህቴ ሰኒ የምትኖረው ካናዳ ገጠር ነው። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ሽርሽር ትወጣና በቪዲዮ ትደውላለች፤ በረዶው ሲቀልጥም፣ እንጆሪ ሲለቀምም፣ እኔና እማዬ ሶፋችን ላይ ቁጭ ብለን አብረናት እንዞራለን። ባለፈው እሁድ አመሻሽ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል የሚቀላበት ጫካ ውስጥ ሆና ደወለች። "እዩት እስቲ! ዛፍ ላይ በርበሬ ያሰጡ አይመስልም?" እያለች ስትስቅ ድንገት ቀጥ አለች።

"ጠራኸኝ እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አፌንም አልከፈትኩ!"

"ከኋላዬ 'ሰኒ' አልከኝ እኮ! የራስህ ድምፅ ነው።" ስልኩን ወደ ኋላ አዞረችው። ዛፍ ብቻ ነው፤ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። ልስቅ ስል እማዬ ስልኩን ከእጄ መነጨቀችኝ። "ልጄ፣ የማታዪው ሰው ሲጠራሽ አቤት አይባልም! አፍሽን ዝጊና ወደ መኪናሽ ሂጂ!"

ሰኒ ከንፈሯን ገጥማ መራመድ ጀመረች። እኔም በእማዬ ትከሻ በኩል ስልኩን እያየሁ ነው። ያኔ ከጓዳችን "እማዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። የሰኒ ድምፅ! ስልኩ ላይ ያለችው ሰኒ አፏ እንደተዘጋ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእኔና ከእማዬ በቀር ማንም የለም። እማዬን ልይዛት እጄን ስዘረጋ፣ እናት አይደለች፣ ቀድማኝ ተነሥታለች።

"አቤት ልጄ፣ መጣሁ።"