በስክሪኑ ጥግ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ሰው ሁሉ ለመማር ደብተር ይዞ አይገባም፤ እኔ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጫማዬ ተገንጥሎ ነው የገባሁት። ከአውቶቡስ ስወርድ የግራ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል። ስለዚህ የግራው ሶል ወፈር ተደርጎ በልክ የሚሠራ ነው፤ እሱ ሲከዳኝ ከሱቅ ገዝቼ የምተካው ነገር የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የቆምኩት በዚያ ሶል ላይ ነው። እያነከስኩ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ጫማ ሰሪዬ ዘንድ ደረስኩ።

ጫማ ሰሪውን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሚሊ» ይላቸዋል። «አንድ ሚሊ ከተሳሳትኩ ሰውየው ወገቡን ይታመማል» ማለት ስለሚያዘወትሩ የወጣላቸው ስም ነው። የሚሠሩት እግራቸው ለገበያ ጫማ ለማይመች ሰዎች ብቻ ነው፤ አንዱ እግሩ ለሚያጥር፣ ጣት ለጎደለው፣ ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ ለሆነ። እኔ በመጣሁ ቁጥር «መምህር፣ እንደገና ልለካዎት» ይሉኛል፤ እኔም «በሚቀጥለው፤ ለአሁኑ በድሮው ልክ ይሥሩት» እላለሁ። ሰው ፊት እግሬን ማውጣት አልወድም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስገባ ጋሽ ሚሊ ከኮምፒውተራቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፣ አጎቷን ልትጠይቅ ጎራ ማለቷ ነው። በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ለቁስል የሚለጠፍ ፕላስተር ተለጥፏል። ያውም በሦስት ድርብ። ከግድግዳው ሶኬት በላይ ደግሞ በወፍራም እስክሪብቶ «ይህን የነቀለ ከእኔ ጋር ተጣላ!» የሚል ወረቀት አለ።

«መምህር፣ እንኳን መጡልኝ! ዳኛ አጥተን ነበር» አሉ ጋሽ ሚሊ።

ዳኝነት ስወድ ለጉድ ነው። የተገነጠለውን ጫማ አውልቄ አስረከብኩና ወንበር ሳብኩ። «ምን አጣላችሁ?»

«አልተጣላንም» አለች ልጅቷ። «ፕላስተሩን አየሁና፣ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ምን ቆረጠው ብዬ ጠየቅኳቸው።»

«የተቆረጥኩት እኔ ነኝ!» አሉ አጎቷ። «መምህር፣ እዚያ ጥግ ላይ በየቀኑ ብቅ እያለ ‹አፕዴት ልጫን› ይለኛል። ‹በኋላ› እለዋለሁ። ይሄዳል። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። እንደዚህ ያለ ደረቅ ለማኝ ዓይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ጣቴ ስቶ እሺ ቢለውስ? ሸፈንኩትና ተገላገልኩ።»

«ማጥፋትስ?» አልኩ። «ሥራ ሲጨርሱ አያጠፉትም?»

«ምን ነካዎት! ሳጠፋው ጠብቆ ሊጭን? ከሁለት ዓመት ወዲህ አይጠፋም፣ አይነቀልም። እንዳይሞቀው ቬንቲሌተር ገዝቼለታለሁ። በዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ የተመቸው እሱ ነው።»

እውነትም ትንሽ ቬንቲሌተር ከኮምፒውተሩ ጎን ትሽከረከራለች። ጋሽ ሚሊ ራሳቸው ላባቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ሳቄ መጣ፤ ግን ነገሩን ለማወቅ የባሰ ጓጓሁ። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው አንድን ነገር ይህን ያህል ከፈራ፣ የነካው ነገር መኖር አለበት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን አድርጎዎት ነው?» አለች ልጅቷም፣ እኔ ልጠይቅ ያሰብኩትን ከአፌ ነጥቃ።

ጋሽ ሚሊ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ሙሽራ ነበረኝ። ቀኝ እግሩ በአደጋ የተጎዳ ልጅ ነው። ለሠርጉ ጥቁር ጫማ አዘዘኝ፤ ‹እንዳላነክስ አድርገው ይሥሩልኝ› አለኝ። ቆዳውን ኮምፒውተሩ በሚያዘው መቁረጫ ማሽን ላይ ዘርግቼ ቁረጥ ልለው ስል ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆነ። ‹እባክዎ ይጠብቁ› አለኝ። ጠበቅኩ። ሲመለስ ቆዳ መቁረጫውን አላውቀውም አለ። አሥራ አንድ ቀን አላውቀውም አለ! ሙሽራው በአሮጌ ጫማ ተሞሸረ። ፎቶውን ልኮልኛል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እሱ እግሩን ከወንበር ሥር ደብቋል።»

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ጊዜ ፍርዴን ለጋሽ ሚሊ ሰጥቼ ነበር። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

«አሁን አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መልሽልኝ። እኔ ለመምህር ጫማ ሸጥኩ እንበል። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ሲበሉ ቤታቸው ዘው ብዬ ‹እግርዎን ያንሱ፣ ታኮውን ልቀይር ነው› ብላቸው ምን ይሉኛል?»

«በር ይዘጉብዎታል።»

«ይዝጉብኛ! ሳልጨርስ ከሸጥኩ ነውሩ የእኔ ነው። እነዚህ ሰዎች ጨርሰው የማይሸጡት ለምንድን ነው?»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። የተማሩ ወጣቶች እንዲህ ሲጠየቁ ወይ ይስቃሉ ወይ ይቆጣሉ፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ካሉት ግማሹ እውነት ነው፣ ጋሼ» አለች። «ተቸኩሎ የሚወጣ አለ። አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ የሚበሳ አፕዴት አለ። መሥሪያ ቤት ማተሚያው ዝም ሲል ሰው ሁሉ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው፤ ስንቴ ቆሽቴ አርሯል። ለእነሱ ጥብቅና አልቆምም። ግማሹ ግን ሌላ ነው። በርዎ ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ለበርዎ የሚሆን ቁልፍ የቀረጸ ሌባ ተነሣ። በሩን የሠራው ሰው ይህን ሲሰማ ‹ቁልፉን ልቀይርልዎ› ብሎ ቢመጣ፣ አመጣጡ ሊያናድድ ይችላል፤ መምጣቱ ግን ጥፋት ነው?»

«ከእኔ ምን ሊሰርቅ? የመምህር እግር ልክ ምን ያደርግለታል?»

ትንሽ ቅር አለኝ።

«ሊወስደው አይደለም። ቆልፎበት ‹ካልከፈልክ አልከፍትም› ሊልዎት ነው።»

ጋሽ ሚሊ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። እጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ልጅ ራስ አሳረፉት። «እዚህ ውስጥ የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው እግር አለ» አሉ። «ልካቸው፣ የሶላቸው ውፍረት፣ ሁሉም። ግማሾቹ ሩቅ ነው ያሉት። ይደውላሉ፤ እግራቸውን ሳላይ ሠርቼ እልክላቸዋለሁ። ድሮ በደብተር ነበር፤ የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ ደብተሬን ውኃ በላው። እሱን መልሼ ለመሰብሰብ አራት ዓመት ፈጀብኝ። አሁን እንደገና ከጠፋ ጉልበቱም የለኝ። የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረክቤ ቤቴ መቀመጥ ነው።»

«ታዲያ ሌላ ቅጂ አለዎት?»

«የምን ቅጂ?»

ልጅቷ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። እዚያ የደንበኞች ፎርማ፣ ማለትም ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ እንጨት፣ ቁጥር ተጽፎበት ተደርድሯል። ሁለቱን አነሣች። «እነዚህ ሁለቱም ‹ሰማንያ ስድስት› ይላሉ። ለምን ሁለት ሆኑ?»

«አንዱ አሮጌው ነው። የሰውዬው እግር ሲለወጥ ፎርማውን መፋቅ አለብኝ። አሮጌውን ግን አልነካም። ሌላ እንጨት ላይ አስመስዬ አስቀርጸዋለሁ፣ አዲሱን እፍቃለሁ፣ በሱ ጫማ ሠርቼ ሰውዬው አንድ ሳምንት ይራመድበታል። ካመመው ወደ አሮጌው እመለሳለሁ። ዝም ብሎ ያለችውን አንዷን ፎርማ የሚፍቅ ጫማ ሰሪ ጫማ ሰሪ አይባልም!»

ልጅቷ ሁለቱን እንጨቶች እንደያዘች ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ እኔን አራት ዓመት ያስተማሩኝን እርስዎ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።»

እኔ ወዲያው አልገባኝም። ጋሽ ሚሊ ግን ገባቸው።

«አፕዴቱ በድሎዎታል፣ አልክድም» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ግን ያኔ የኮምፒውተሩም አሮጌ ፎርማ ቢኖርዎት ኖሮ በአንድ ሰዓት ወደ ድሮው ተመልሰው የሙሽራውን ጫማ ይቆርጡ ነበር። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ አፕዴት፣ ከዚያ ሙከራ። ቀኑንም እርስዎ ይመርጣሉ እንጂ እሱ አይመርጥልዎትም። ቆዳ ተዘርግቶ ሳለ ማን ፎርማ ይፍቃል?»

«ለቆዳ ያወቅኩትን ለዚህ ሳላውቀው!» አሉ ጋሽ ሚሊ። አውራ ጣታቸውንም ወደ ፕላስተሩ ላኩ። «በሉ መምህር፣ ምስክር ይሁኑ።»

ከወንበሬ ተነሥቼ በአንድ እግር ጫማ ተጠጋሁ። ከፕላስተሩ ሥር ምን እንዳለ ለማየት የነበረኝን ጉጉት ተማሪዎቼ ቢያዩ ይታዘቡኝ ነበር። ሦስቱ ድርብ ተራ በተራ ተላጡ። የለማኙ ጽሑፍ እንደጠበቅነው ቁጭ ብሏል። ከሱ በላይ ግን ቀይ ምልክት ያለው ሌላ ጽሑፍ ነበር። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ዲስኩ እየተበላሸ ነው። ፋይሎችዎን አሁኑኑ ይቅዱ።» የወጣበት ቀን ከአራት ወር በፊት ነው።

«ይኼም እዚያው ጥግ ላይ ነው የሚወጣው?» አሉ ጋሽ ሚሊ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ሁሉም እዚያው ነው የሚወጣው፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ልጅቷ ከቦርሳዋ ተንቀሳቃሽ ዲስክ አውጥታ መጀመሪያ የማሽኑን ፕሮግራም፣ ቀጥሎም ልኮቹን መቅዳት ጀመረች። ኮምፒውተሩ እየተንተባተበ አንድ እግር፣ ሌላ እግር ይሰጣታል፤ አንዳንዱ ላይ ደቂቃ ሙሉ ይቆማል። ሦስት መቶ አምስቱ ወጡ። ሰባቱ እምቢ አሉ። ቁጥራቸውን ስታነብ የመጨረሻው «አርባ አንድ» ነበር። አርባ አንድ እኔ ነኝ።

ልጅቷ አዲስ ዲስክ ልትገዛ ወጣች። ጋሽ ሚሊ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለስድስቱ እደውላለሁ። ሰባተኛው እዚሁ ተቀምጧል። ካልሲዎን ያውልቁ።»

«ከአሮጌው ጫማ ላይ ልኩን ቢወስዱትስ?»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአሮጌው ወሰድኩ። መምህር፣ እግርዎን ይስጡኝ።»

አወለቅኩ። አፈርኩ፤ እሳቸው ግን እግሬን እንደ ማንኛውም እግር ተቀብለው ለኩ። ደግመው ለኩ። ሦስተኛም ለኩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«የድሮው ሶልዎ ሠላሳ ሚሊ ነው። አሁን የሚያስፈልግዎት ሠላሳ ስምንት ነው። ወገብዎን አያምዎትም?»

ሦስት ዓመት ሙሉ አሞኛል። ዕድሜ ነው ብዬ ተቀብዬው፣ ትራስና ፍራሽ እየቀያየርኩ፣ ለባለቤቴም ለሐኪሙም ስለ እግሬ ትንፍሽ ሳልል ኖሬያለሁ። ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ሚሊ ሜትራቸውን ጠቀለሉ።

«እኔ እንኳ የሸፈንኩት ኮምፒውተሬን ነው» አሉ።

ዳኝነቴ በዚሁ ተፈጸመ።

ልጅቷ አዲሱን ዲስክ አስገብታ ሲስተሙን ከነአፕዴቱ ጫነች፤ ስክሪኑ ላይ ፐርሰንቱ ሲቆጠር ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ሲነሣ ደግሞ ቆዳ መቁረጫው ጭራሽ ዝም! «ጉድ ፈላ! አላልኩሽም?» ብለው ጋሽ ሚሊ ብድግ አሉ። እሷ ግን አልደነገጠችም። ማሽኑን የሚያናግረውን ፕሮግራም ከተቀዳው ውስጥ ፈልጋ መልሳ ጫነችው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቢላዋው ቁራጭ ቆዳ ላይ የሕፃን ሶል ቆረጠ። ጋሽ ሚሊ ሶሏን አንሥተው በሜትራቸው ለኩ። አንድም ሚሊ አልተዛነፈችም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። ጋሽ ሚሊ አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሽኑ ላይ ቆዳ ሳይኖር፣ መጀመሪያ ይቀዳሉ፣ ቅጂውን ከሱቁ ውጭ በቤታቸው ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ አፕዴቱን ይጭናሉ፤ በቁራጭ ቆዳ ሳይሞክሩም የደንበኛ ሥራ አይጀምሩም። አንዴ ተበላሽቶባቸው ወደ ድሮው ተመልሰዋል፤ ሲሳደቡ ሰምቻለሁ፣ ሥራ ግን አልፈቱም። ስድስቱም ደንበኞች እንደገና ተለክተዋል። ቬንቲሌተሯ ወደ ጋሽ ሚሊ ዞራለች። እኔም በአዲሱ ሶል ሦስት ክፍለ ጊዜ ቆሜ አስተምሬ ወገቤን ሳልይዝ ቤቴ እገባለሁ።

ጫማውን የተረከብኩ ቀን ጋሽ ሚሊ ሁለቱን «አርባ አንድ» ፎርማዎች ጎን ለጎን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ጠቆሙኝ። «የሚቀጥለው የመለኪያ ቀንዎ መቼ ይሁን?» አሉኝ። «በሚቀጥለው» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እስክሪብቶውን ተቀብዬ ቀኑን በገዛ እጄ ጻፍኩ።