በሽታም ይታመማል

ባክቴሪያን የሚያሳምመው ቫይረስ ለእኛ ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት? ይህን ጥያቄ ከኩባ ይዤው መጣሁ። በደብረ ብርሃን የግብርና መሥሪያ ቤት ግን የማወያየው ሰው አላገኘሁም። ስድስት ዓመት በባሕር ጠረፍ የተማርሁት ሽሪምፕ ስለሚባለው፣ በኩሬ ስለሚረባ ጣት የሚያህል የባሕር እንስሳ በሽታ ነው። ባሕር በሌለበት ደጋ ይህን ትምህርት ይዞ መቀመጥ፣ ማንም የማይሰማውን ቋንቋ ለብቻ እንደ መናገር ነው።

በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ ለሥራ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ ስወርድ፣ የአባቴ የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ወዳጅ የሆኑትን የጨርቅ ነጋዴ ሼህ ዘይኑልአቢዲንን ቁልቁለቱ ላይ ደረስሁባቸው። ጀሪካን ተሸክመዋል።

«አንተ የመሪጌታ ልጅ! ያ የባሕር አንበጣ ትምህርትህ አሁንም እንጀራ ያበላል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «ልጄ ሰሊሃ ተቅማጥ ይዟት ተኝታለች። ይህ የእኅቴ የኡሙሀኒ ቤት ውሃ ነው። ልጆቿ በዚሁ ሕመም ወድቀው ተነሡ። በእኛ ቤት ከአያቴ ጀምሮ የዳነ ቤት ውሃ ለታመመ ይሰጣል።»

«ሼህ፣ እባክዎ እንዲሁ አይስጧት።»

«ያዳነ ውሃ አይደለም እንዴ?»

የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልቻልሁም፤ ሽሪምፕ አርቢዎችም ይህንኑ ሲያደርጉ አይቻለሁና። ጀሪካኑን ተቀብዬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥሁት።

«እዚያ ኩባ ሁለት የሽሪምፕ ኩሬዎች ታመሙ። አንደኛው በራሱ ዳነ። ውሃውን ስንመረምር በሽታውን ያመጣውን ባክቴሪያ የሚያሳምም ቫይረስ አገኘንበት።»

«ቆይ፣ ቆይ። በሽታም ይታመማል?»

«ይታመማል። ባክቴሪያው በዓይን አይታይም፤ ቫይረሱ ደግሞ ከእርሱም እጅግ ያንሳል። ውስጡ ገብቶ ይራባና ያፈነዳዋል።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ የአያቴ ነገር ልክ ነው!»

«የእርሻው ኃላፊም እንደ እርስዎ ደስ አለው። የዳነውን ኩሬ ውሃ ወደ ታመመው አስገለበጠ። ሳምንት ሳይሞላ ሽሪምፑ አለቀ።»

ሼህ ጀሪካኑን አዩት።

«ቫይረስ ሁሉ ባክቴሪያውን አይገድልም» አልኋቸው። «አንዳንዱ ውስጡ ተከራይቶ ይቀመጣል። ለኪራዩም መርዝ መሥራት ያስተምረዋል። ያን ጊዜ ደካማ የነበረው ባክቴሪያ ገዳይ ይሆናል።»

«በኩሬው የነበረው የትኛው ነው?»

«አላውቅም። ሳይጣራ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ሚርታ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ምርመራውን ቀጥላ ነበር።»

«ስድስት ዓመት ተምረህ አላውቅም ትላለህ?»

«አላውቅም። በዚህ ጀሪካን ምን እንዳለም አላውቅም። ምናልባት ተቅማጡ ራሱ አለበት። የኡሙሀኒ ልጆች ውሃው እየጎዳቸውም ድነው ይሆናል። እስኪንተከተክ ከፈላ ግን ያለበት ሁሉ ይሞታል።»

«ወዳጁ ቫይረስም?»

«ወዳጁም።»

«ምስኪን!» አሉና ጀሪካኑን አንሥተው መንገድ ጀመሩ። ጥቂት እንደ ሄድን ዞር አሉ። «ሁሉም አውቃለሁ እያለ ነው የሚያዘኝ። አንተ አላውቅም ስላልህ እሰማሃለሁ።»

አልዩ አምባ ቤታቸው ስንደርስ ሰሊሃ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ መሪማ የጀሪካኑን ውሃ አፍዪ ሲባሉ ተቆጡ። «ማገዶውን ማን ሊያመጣ?»

«እኔ» አሉ ሼህ፤ ወጥተውም እንጨት ፈለጡ።

ውሃው ፈልቶ ሲቀዘቅዝ፣ ከቀበሌ የተሰፈረው ስኳር ብዙ፣ ጨው ደግሞ ጥቂት ገባበት። ሰሊሃ በማንኪያ በማንኪያ ጠጣች። ሲነጋ ጎረቤላ ክሊኒክ ወሰድናት፤ በሳምንቱ ከእናቷ ጋር ገበያ ወጣች።

ሼህም ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጎረቤቶቻቸው እንዲህ ይላሉ ተባለ። «ውሃ አፍሉ። ከፈላ በኋላ ከማን ቤት እንደተቀዳ ማንም አይጠይቅም። ልጅ ከምትቀብሩ እንጨት ፍለጡ።» በዚያ ክረምት በመንደሩ ተቅማጥ ቀነሰ፤ መሪማም ስለ ማገዶ መቆጣታቸውን ተዉ።

እኔ ግን ከጥያቄዬ ጋር ቀረሁ። ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ገብቼ ለሚርታ ቴሌግራም ላክሁ። «የኩሬው ቫይረስ ባክቴሪያውን ገዳይ ነበር ወይስ ውስጡ ተከራይ? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ሼህ ባገኙኝ ቁጥር «ከባሕሩ ምን ተሰማ?» ይሉኛል።

ሁለት ክረምት አለፈ። ምንም አልተሰማም።