የኦቦ ጣሂር ግራ እጅ

ጭሮ ከተማ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣን ድብርት በአንድ ቀን ያቀላል የተባለ መርፌ በምንሞክርበት ጊዜ ነው። ኦቦ ጣሂር ዕድሜ ልካቸውን ለጫት ነጋዴዎች ጫት እየለዩ ደረጃ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስትሮኩ ቀኝ እጃቸውን ሲይዝባቸው ማውራቱንም መብላቱንም ተዉት። ሙከራው ውስጥ የገባ ሰው ጫት መቃም ክልክል ስለሆነ፣ ለእሳቸውም ለቤተሰባቸውም ደጋግሜ ተናገርኩ። መርፌውን ወጋኋቸውና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ የተለመደውን ጥያቄ ልጠይቃቸው ቤታቸው ስደርስ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለው ከሚስታቸው ጋር ሲሳሳቁ አገኘኋቸው። ደስ ብሎኝ ቅጹን ላወጣ ስል፣ ጉልበታቸው አጠገብ ሁለት ቦታ የተከመረ ጫት አየሁ። ንድድ አልኩ። «ይሄማ ምርቃና ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የስንት ሰው ልፋት ገደል ከተቱት» አልኳቸው።

«ወላሂ አልቃምኩም» አሉኝ ረጋ ብለው። «ጓደኞቼ ናቸው፣ አንደኛ ደረጃውን ከሁለተኛው ለይልን ብለው ትተውልኝ የሄዱት። በግራ እጄ ለየሁት።»

አሁንም አልበረደልኝም። «ታዲያ ያሻለዎት መርፌው ነው ወይስ ሥራው? እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ግራ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ከመርፌው በፊትም ሁለቴ አምጥተውልኝ ነበር፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩባቸው። ይሄንንም ጻፊው» አሉኝ።