ማማ ያስፈረሰች አንድ ጎራሽ

የወረዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች የጠመንጃ መሸጫ ሱቅ፣ ረፋድ ላይ፤ ቢያድግልኝ፣ ማሽላ ገበሬ፣ አንድ ጎራሽ ጠመንጃውን፣ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርሰውን፣ በጋቢ ጠቅልሎ ይዟል፤ ትርንጎ፣ የሱቁ ሠራተኛ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች።

ቢያድግልኝ፦ ዋስትናው አንድ ዓመት ይላል አይደል? ይኸው! እዚች ጋ ጣትሽን አድርጊና አንብቢ! ገና አራት ወሯ ነው!

ትርንጎ፦ ይላል ጋሼ፣ መች ካድኩ። አንድ ዓመት ይላል። ከሥር ያለውን ደሞ ያንብቡት እስቲ።

ቢያድግልኝ፦ የቱን ከሥር?

ትርንጎ፦ ይቺን። ደቃቋን።

ቢያድግልኝ፦ ይሄ ጽሑፍ ነው እንዴ? እኔማ ወረቀቱ ቆሽሾ መስሎኝ በምራቄ ሳሸው ነበር።

ትርንጎ፦ የዋስትናው ቅድመ ሁኔታዎች ናቸው። አሥራ አራት ናቸው።

ቢያድግልኝ፦ አሥራ አራት! ስትሸጭልኝ "ጋሼ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሐሳብ የለብዎትም" ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ። እንደዛ በሉ ተብለን ነው። አሁን ፎርሙን እንሙላ፣ ሳይሞላ ምንም ማድረግ አልችልም። ስም?

ቢያድግልኝ፦ ስሜ ጠፋሽ?

ትርንጎ፦ የሚጠይቅዎት ፎርሙ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ቢያድግልኝ፦ ቢያድግልኝ ምሕረቴ በይው።

ትርንጎ፦ ሥራ?

ቢያድግልኝ፦ ገበሬ። ማሽላ። ገደል አፋፍ ላይ። ከገደሉ ሥር ዝንጀሮ።

ትርንጎ፦ የዝንጀሮ ቦታ የለውም። የብልሽቱ ዓይነት?

ቢያድግልኝ፦ አልተኩስም አለች። ምላጯን ስስበው ቀጭ! በቃ። ቀጭ ብላ ዝም። ደሞ በአፌ ብቻ አይደለም፣ ይኸው ከቀበሌ ደብዳቤ። ሦስት ሽማግሌ "ቀጭ ስትል በጆሯችን ሰምተናል" ብለው ፈርመዋል።

ትርንጎ፦ የሽማግሌም ቦታ የለውም ጋሼ። እስካሁን ስንት ጥይት ተኩሰዋል?

ቢያድግልኝ፦ ሰባት። አምስቱን ለዝንጀሮ። ወደ ሰማይ ነው ታዲያ፣ ለማስደንገጥ፤ አንድም አልገደልኩም።

ትርንጎ፦ ሁለቱስ?

ቢያድግልኝ፦ ሁለቱማ ጋሽ እምሩ ሲሞቱ ነው።

ትርንጎ፦ ለቅሶ ላይ?

ቢያድግልኝ፦ እና ዝም ተብለው ይቀበሩ? አገር ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው እኮ ናቸው! ጠመንጃ ያለው እኔ፣ ተኩስ የሚጠበቀው ከእኔ።

ትርንጎ፦ ቁጥር ስድስት፣ "ለደስታም ሆነ ለኀዘን የተተኮሰበት መሣሪያ ዋስትናው ይሰረዛል።"

ቢያድግልኝ፦ ይሄን የጻፈው ሰውዬ ዘመድ ሞቶበት አያውቅም?

ትርንጎ፦ እሺ በቃ፣ አልሰማሁም። ሰባቱንም ለዝንጀሮ ብዬ ጻፍኩት።

ቢያድግልኝ፦ ጋሽ እምሩን ዝንጀሮ አልሽልኝ?!

ትርንጎ፦ ኧረ ጋሼ! ልርዳዎት ብዬ እኮ ነው!

ቢያድግልኝ፦ እሺ። እሺ ቀጥይ። ይቅር ይበሉኝ እሳቸውም።

ትርንጎ፦ የተወለወለችው አብሯት በተሰጠው ዘይት ብቻ ነው?

ቢያድግልኝ፦ የቱ ዘይት?

ትርንጎ፦ ካርቶኑ ውስጥ የነበረው። በትንሿ ብልቃጥ።

ቢያድግልኝ፦ እ፣ እሱ! እሱማ የቤቴ በር ማጠፊያ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌው አለቀ። ዘይቱስ ዘይት ነው! በሩ ይኸው እስከዛሬ ድምፁ የለም።

ትርንጎ፦ ታዲያ ጠመንጃዋን በምን ነው የወለወሏት?

ቢያድግልኝ፦ በምን ይሆናል። በቅቤ ነዋ።

ትርንጎ፦ በቅቤ?

ቢያድግልኝ፦ በለጋ ቅቤ። አዲስ የገባች! ባለቤቴ ስንዱ እልል ብላ ተቀብላ ከአፈሙዟ እስከ ሰደፏ ቀባቻት። ሙሽራ ስትገባ አትቀባም?

ትርንጎ፦ ውስጧንም?

ቢያድግልኝ፦ ውስጧን በዶሮ ላባ። በደንብ ነው። አልሰሰትንባትም።

ትርንጎ፦ ጋሼ! ቅቤ እኮ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል! ጥይቱን የሚመታውን ብረት ይዞት ነው እኮ!

ቢያድግልኝ፦ ይሄን ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ትርንጎ፦ ቅቤ ይቀቧታል ብዬ በየት በኩል ላስብ?

ቢያድግልኝ፦ እንዴት አታስቢም? ያንቺ አባት ጠመንጃ አልነበረውም? በምን ነበር የሚቀባው?

ትርንጎ፦ ...በቅቤ።

ቢያድግልኝ፦ አየሽ!

ትርንጎ፦ እሷማ ምንሽር ናት ጋሼ። የድሮ ብረት። ይቺ በቆርቆሮ... ምንም አላልኩም።

ቢያድግልኝ፦ ብለሻል። ጨርሻት።

ትርንጎ፦ ምንም አላልኩም አልኩ! ቅቤውንም ዘይት ብዬ ጻፍኩት። ግን እውነቱን ልንገርዎት? ሁሉንም አሳምሬ ብሞላው እንኳ ጠመንጃዋ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምትላከው። ታይታ እስክትመለስ ሦስት ወር።

ቢያድግልኝ፦ ሦስት ወር! ማሽላው እኮ ፍሬው ደርሷል። አጨዳ አሥራ አምስት ቀን ቢቀረው ነው። ሦስት ወር ቆይታ መጥታ ምኑን ልትጠብቅልኝ? አገዳውን?

ትርንጎ፦ እስከዚያ እንደ ድሮው ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቋ።

ቢያድግልኝ፦ ማማ የለም።

ትርንጎ፦ እንዴት የለም?

ቢያድግልኝ፦ አስፈረስኩት።

ትርንጎ፦ የራስዎን?

ቢያድግልኝ፦ የሁሉንም። አፋፉ ላይ የምናርስ አሥራ ሁለት አባወራ ነን። ጠመንጃዋ የገባች ቀን ሰበሰብኳቸውና "ከእንግዲህ ማንም ማማ ላይ ብርድ አይምታው፣ እኔ አለሁላችሁ" አልኩ። በገዛ አፌ። ያውም ቆሜ! ሰዉ ደስ አለው፣ ማማውን እያፈረሰ አነደደው። የኔንማ ስንዱ እስካሁን እየፈለጠች ታነዳለች፤ ሁለት ወፋፍራም ቋሚዎች ናቸው የቀሩት።

ትርንጎ፦ አንድም ሰው እምቢ አላለም?

ቢያድግልኝ፦ የስንዱ ወንድም ጥጋቡ። "የኔን እንኳ ትንሽ ላቆያት" አለ። እየሳቀ። ያቺ ሳቁ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ትርንጎ፦ ታዲያ አሁን ማነው የሚጠብቀው?

ቢያድግልኝ፦ ስንዱ ናታ! የወንድሟ ማማ ላይ ወጥታ ስትጮህ፣ ጀሪካን ስትደበድብ ትውላለች። የአሥራ ሁለት ሰው ማሳ ከአንድ ማማ! ድምጿ ዘግቷል አሁን።

ትርንጎ፦ ዝንጀሮዎቹስ በጀሪካን ይሸሻሉ?

ቢያድግልኝ፦ ድሮ ይሸሹ ነበር። በጠመንጃዋ ጊዜማ፣ የመጀመሪያዋን ስተኩስ፣ ገደሉን በአናታቸው ነው የወረዱት! አሁንስ? ቀጭ ስትል አውራው ገመሬ ዘወር ብሎ ያየኝና መፈልፈሉን ይቀጥላል። ከትናንት ወዲያ ደሞ ሌሎቹን ጠራቸው።

ትርንጎ፦ ምን ሊያደርጉ?

ቢያድግልኝ፦ እኔን ሊያዩ።

ትርንጎ፦ ኧረ ጋሼ አያስቁኝ!

ቢያድግልኝ፦ ሳቂ፣ ግዴለም። አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም።

ትርንጎ፦ ይቅርታ፣ እውነት ይቅርታ። በሉ ይስጡኝ፣ "አስቸኳይ" ብዬ እጽፍበታለሁ። ጋቢውን ይፍቱትና ባንኮኒው ላይ ያስቀምጧት። ቁጥሯን ልይ... አዎ፣ እዚህ ጋ ናት፣ ቅቤው ሸፍኗት ነው። ባዶ ናት አይደል?

ቢያድግልኝ፦ ባዶማ በሆነችልኝ።

ትርንጎ፦ ምን አሉኝ?

ቢያድግልኝ፦ ስምንተኛው ጥይት ውስጧ ተሰንቅሯል። አልተኮሰ፣ አልወጣ። ሦስት ቀኑ።

ትርንጎ፦ ጥይት አላት?! አሁን?! እዚህ ባንኮኒዬ ላይ?!

ቢያድግልኝ፦ ታዲያ ቀጭ ያልኩሽ ምን መስሎሽ ነው?

ትርንጎ፦ በማርያም! አፈሙዙን ያዙሩልኝ! ኧረ ወደዚያ አይደለም፣ መንገድ ነው፣ ሰው አለ! ወደ ላይ!

ቢያድግልኝ፦ ላይ ማን አለ?

ትርንጎ፦ የጥርስ ሐኪም! ኧረ ወደ መሬት ያድርጉት፣ ወደ መሬት!

ቢያድግልኝ፦ ቀስ በይ፣ አትጩሂ። እንዲህ መሬት እያሳየኋት ነው የመጣሁት። የአራት ሰዓት መንገድ።

ትርንጎ፦ በእግርዎ?

ቢያድግልኝ፦ ሚኒባስ ውስጥ ሰው መሀል ይዣት ልቀመጥ? ኅሊና አለኝ እኮ። መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ከመንገድ እየወጣሁ፣ ልጅ ሳይ ዞሬ እየቆምኩ። ለዛ ነው ያረፈድኩት።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ ልረከብዎት አልችልም። ቁጥር ዘጠኝ፣ "መሣሪያው የሚቀርበው ባዶ ሆኖ ነው።"

ቢያድግልኝ፦ ባዶ ማድረግ ብችል ምን አመጣኝ?

ትርንጎ፦ ጥይቱን ያስወጡና ይምጡ።

ቢያድግልኝ፦ አልወጣ ብሎ እኮ ነው የመጣሁት!

ትርንጎ፦ ካልወጣ ደግሞ አልረከብም።

ቢያድግልኝ፦ ልጄ፣ የምንዞረውን እያየሽው ነው?

ትርንጎ፦ እያየሁት ነው። ምን ላድርግ? ...ቆይ፣ ፖሊስ ጣቢያ! የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሙያተኛ ነው፣ እሱ ያወጣዋል።

ቢያድግልኝ፦ ተመስገን! አስወጥቼ ላምጣልሽ?

ትርንጎ፦ ...ቁጥር አሥራ አንድ።

ቢያድግልኝ፦ አትበይኝ።

ትርንጎ፦ "ከድርጅቱ ባለሙያ በቀር ሌላ እጅ የፈታው መሣሪያ..."

ቢያድግልኝ፦ ይሰረዛል።

ትርንጎ፦ ይሰረዛል።

ቢያድግልኝ፦ የድርጅቱ ባለሙያስ የታለ?

ትርንጎ፦ በየወሩ ይመጣል ይባላል።

ቢያድግልኝ፦ ይባላል?

ትርንጎ፦ እኔ ሰባት ወሬ ነው እዚህ። አላየሁትም።

ቢያድግልኝ፦ ደውይለታ!

ትርንጎ፦ ልደውል። እርስዎም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ይኸው።

ቢያድግልኝ፦ ...ዘፈን ነው?

ትርንጎ፦ እስኪያነሱ ድረስ ነው። የሚጠብቅ ሰው እንዳይሰለቸው።

ቢያድግልኝ፦ መልካም ነው፣ ጨዋ ናቸው። ...አለቀ ዘፈኑ። ...ኧረ እንደገና ጀመረ!

ትርንጎ፦ አሁን ይቋረጣል። አንድ... ሁለት... ይኸው።

ቢያድግልኝ፦ በምን አወቅሽ?

ትርንጎ፦ በቀን አምስት ጊዜ እደውላለሁ ጋሼ። ቤት ሰሃን ሳጥብ ሁሉ እሱን ዘፈን ነው የማንጎራጉረው። ከእርስዎ በፊት ሁለት ሰዎች አስረክበውኝ ልኬያለሁ፤ ይኸው አምስት ወር ሆነ። መጥተው ሲጠይቁኝ "መንገድ ላይ ነው" እላቸዋለሁ። አንደኛው አሁን መጠየቁን ትቶታል። ሲያልፍ ሰላም ብቻ ይለኛል። እሱ ነው የሚብስብኝ።

ቢያድግልኝ፦ አንቺም ቀጭ ነሽ ለካ።

ትርንጎ፦ ...አዎ። ቀጭ ነኝ።

ቢያድግልኝ፦ አይክፋሽ። አንቺ ላይ አይደለም ቁጣዬ።

ትርንጎ፦ ስልክዎ ይጠራል።

ቢያድግልኝ፦ ይጥራ።

ትርንጎ፦ ቅድምም ሲጠራ ነበር።

ቢያድግልኝ፦ ስንዱ ናት። ይቺ ሦስተኛዋ ናት።

ትርንጎ፦ ያንሱላታ፣ ሰው ያስባል!

ቢያድግልኝ፦ አንቺ አንሺው።

ትርንጎ፦ እኔ? ምን ብዬ?

ቢያድግልኝ፦ እኔ ካነሳሁት "ተሠራች" ነው የምላት። ራሴን አውቀዋለሁ። እንኪ፣ ያዢው።

ትርንጎ፦ ሄሎ? ...ኧረ ደህና ናቸው እትዬ፣ አይደንግጡ፣ ከጠመንጃ ሱቁ ነው። ትርንጎ እባላለሁ። ...አሉ፣ አጠገቤ ናቸው። ...እሺ፣ ልጠይቃቸው። ጋሼ፣ "ተሠራች ወይ? ሰዉ ከማማው ሥር ተሰብስቦ እየጠየቀኝ ነው" ይላሉ።

ቢያድግልኝ፦ ሁለቱን ቋሚዎች እንዳትፈልጣቸው በያት።

ትርንጎ፦ እንደሱ ብቻ?

ቢያድግልኝ፦ እንደሱ ብቻ። ይገባታል።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ "ሁለቱን ቋሚዎች እንዳትፈልጣቸው" ይላሉ። ...ጋሼ፣ "ወይ ጉዴ!" አሉ።

ቢያድግልኝ፦ ገብቷታል።

ትርንጎ፦ አቤት እትዬ? ...እሺ። ...አንደኛው ዛሬ ጠዋት ነዷል ይላሉ።

ቢያድግልኝ፦ ሌላውስ?

ትርንጎ፦ አለ። አንዱ አለ ይላሉ።

ቢያድግልኝ፦ በአንድ ቋሚ ማማ አይቆም። ...ጥጋቡ አለ እዚያ?

ትርንጎ፦ ወንድምዎ አሉ ወይ? ...አሉ። ከሥር ቆመው እየሰሙ ነው።

ቢያድግልኝ፦ እንግዲያስ "ባልሽ ጠመንጃዋን ፖሊስ ጣቢያ ጥሎ እየመጣ ነው" በያት።

ትርንጎ፦ ጋሼ! ጣቢያ ከገባች ዋስትናው እኮ...

ቢያድግልኝ፦ ይሰረዛል። አውቃለሁ፣ ቁጥር አሥራ አንድ። ወረቀቱንም አንቺው ያዢው። ለጥጋቡ ደሞ... ለጥጋቡ "አንድ ቋሚ አውሰኝ" ብሏል በይልኝ።

ትርንጎ፦ ሰሙ እትዬ? ለአቶ ጥጋቡ፣ "አንድ ቋሚ አውሰኝ" ይላሉ። ...እሺ፣ እጠብቃለሁ።

ቢያድግልኝ፦ ምን አለ? ይስቃል?

ትርንጎ፦ ...ይስቃል ጋሼ። እስከዚህ ይሰማል። ግን እየሳቀ ወደ ግቢው ሄደ፣ እንጨት ሊመርጥ ነው ይላሉ።