የእማማ አራባ ቤንሲዋ ሕይወትና የሕመማቸው ስም

የቤተ ዘመዱ አለቃ፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ከጀልባ ማኅበሩ የመጣችሁ ወንድሞች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ታላቅ እኅቴን እማማ አራባ ቤንሲዋን ነው። ሐዘኑ የሁላችን ነው፤ ኀፍረቱም እንዲሁ፤ ሳነብ ቀና ብዬ ባላያችሁ አትታዘቡኝ።

እማማ አራባ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ክዌሲ አርሂንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤሲ ንያርኮዋ፣ ጀልባ ወደ ባሕር በማይወጣበት በማክሰኞ ቀን ተወለዱ፤ አባታችንም ከልጆቻቸው ሁሉ እቤት ሆነው የተቀበሉት የእሳቸውን ልደት ብቻ እንደነበረ ሲያወሱ ፊታቸው ይፈካ ነበር። በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ የእናታችን ጉልበት ሲደክም ዓሣ በጭስ ወደሚደርቅበት ቤት ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ወጡ ለማለት ይቸግራል።

በዝናቡ ወራት ዓሣው ሲበረክት፣ ቀልቶ እንዲያምር የጭስ ቤቱ በር ይዘጋል፣ ከሥሩም እርጥብ ጆንያ ይወተፋል፤ ውስጥ ብዙ የቆየች ሴት ትመሰገናለች። እማማ አራባ ሁልጊዜ ይመሰገኑ ነበር። ልጆቻቸውን አዝለው እዚያው አሳደጉ፤ ሳላቸውንም የሙያ ምልክት አደረግነው እንጂ በሽታ ያለው አልነበረም፤ የማታስል ከተገኘች ገና ለማጅ ናት ተብሎ ይሳቅባት ነበር።

በወግ በማዕረግ ያገቡት የጀልባ አዛዡን አቶ ኮቢና ኤሱማንን ነው። አቶ ኮቢና ትጉህና ደግ ባል ናቸው፤ ፒፓቸውን ግን የባሕሩ ነፋስ እንዳያጠፋባቸው መስኮቱን ዘግተው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያጨሱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሳላቸው ደም ቀላቀለ። መጀመሪያ ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት መድኃኒት ወሰዱ፤ ጠብ ያለላቸው ነገር የለም። ኋላ በከተማው ሆስፒታል ከሳንባቸው ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ሲመረመር፣ አክታ ከሚያመነጩ ሕዋሳት የሚነሣ፣ አዴኖካርሲኖማ የሚባል የሳንባ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ በቤታቸው ትምባሆ የሚያጨስ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አቶ ኮቢና አጠገባቸው ተቀምጠው መሬት መሬት ሲያዩ፣ እማማ አራባ ቀደም ብለው፣ «የለም፣ ዶክተር። ከቤታችን ማንም አያጨስም» አሉ።

ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈራችን ደረሰ። የሳንባ ካንሰር የአጫሽ በሽታ ነው ተባለ፤ በር ዘግተው የሚቆዩትም ትምባሆ ለመደበቅ ነበር ተባለ። የቤተ ክርስቲያን እናቶችም ነጭ ለብሰው ከመካከላቸው እንዳይቀመጡ ከለከሏቸው፤ ቤተ ዘመዱም አፍሮ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ብርድ መቷቸው ነው እያለ መለሰ። ወሬውን በአንዲት ቃል ማጥፋት የሚችሉት ሰው ዝም አሉ።

ሐኪሟ ለልጃቸው ለኤኩዋ እንዳስረዱት፣ ይህ ካንሰር ትምባሆ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰዎችንም ይይዛል። በተዘጋ ቤት የሚታፈን የእንጨት ጭስ፣ ሌላ ሰው የሚያጨሰው ትምባሆ፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነትም ለዚህ ያጋልጣሉ፤ አንዳንዴም ምክንያቱ ከነጭራሹ አይታወቅም። እማማ አራባን የትኛው እንደጎዳቸው ለይቶ የሚናገር የለም።

ሕመሙ ሲጸናባቸው እኔን አስጠርተው፣ «ስማኝ ክዌኩ፣ እንደ ሌላው ሰው ‹ባጭር ሕመም አረፈች› ብለህ እንዳታልፈኝ። ስሙን ጥራው። ኤኩዋንም በር ዘግተሽ እንዳትሠሪ በልልኝ» አሉ። ስለ ባለቤታቸው ትንፍሽ አላሉም።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ‹ባጭር ሕመም› ተብሎ እንዲነበብ ሲስማሙ፣ አቶ ኮቢና ከተቀመጡበት ተነሡ። «ፒፓው የኔ ነው ብለህ አንብብ» አሉኝ። «እሷ ለኔ ብላ ዋሸች፤ እኔ ለሷ ስል እውነቱን መናገር አቃተኝ።» ይኸው አነበብኩ።

እማማ አራባ ቤንሲዋ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው በሳንባ ካንሰር አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ስድስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተውናል። ኤኩዋ የጭስ ቤቱን የኋላ ግድግዳ አፍርሳዋለች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሳል በሌለበት ያሳርፍልን፤ እኛንም ይቅር ይበለን።

እናንተ የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ዛሬ ነጭ ለብሳችሁ መጥታችኋል። እንግዲህ ተነሡና እኅታችሁን ከመካከላችሁ አድርጋችሁ ሸኙልን።