ሐርቡ ላይ ወራጅ አለ

ባቡሬ አልነሳ ብሎኝ ነበር የከረመው። የአሻንጉሊት ባቡር ነው፤ ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሐዲድ ዘርግቼ፣ ከኮምፒውተሬ ሆኜ የምነዳበትን ፕሮግራም ስጎረጉር ነው የሰነበትኩት። ታዲያ አንድ ቀን ማውሱን ጫን ባደርገው ሹልክ ብሎ ተነሳልኝ። ደስታው ቢበዛብኝ ጎረቤቴን እማማ ዘሀራን ጠራኋቸው። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ መኪና መሳፈር ትተዋል።

«ማሻአላህ፣ የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«ሐርቡ ደርሶ ይመለሳል፣ እማማ።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። ባቡሩ «ሐርቡ» ብዬ የጻፍኩባትን ካርቶን ሊያልፍ ሲል፣ «ወራጅ አለ» አሉ፣ ልክ ሚኒባስ ውስጥ እንዳለ ሰው። እኔም ሳላስበው ማውሱን ተጭኜ አቆምኩት።

«ልጄ የተዳረችው እዚህ አይደል? ዘይሬያት እስክመለስ ጠብቀኝ።»

ሳቄ ቢመጣም ጠበቅኩ፤ ሾፌሩ እኔ ነኛ። እማማ ካርቶኗን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው በርቶ ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ንዳው» አሉኝ፤ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»