«የእንጦጦ ብርድ ነው»

የምሠራው ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ካለ ፋርማሲ ነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ እዚያው ሰፈር አልጋ የሚያከራዩት እትዬ ዘይነባ መጡና «ልጄ፣ የብርድ መድኃኒት ስጪኝ። ትናንት የገባው እንግዳዬ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤለትም ይንቀጠቀጣል። የእንጦጦ ብርድ ነው የመታው» አሉኝ።

«ከየት ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«መተማ ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ነው።»

ደነገጥኩ። «እትዬ፣ ወባ እንዳይሆን። በማስታገሻ ብቻ ብናስተኛው ልናጣው እንችላለን።»

«አዲስ አበባ ደግሞ ምን ወባ አለ?»

«ከቆላ ይዞት መጥቶ ይሆናላ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው መሩኝ። ሰውዬውን ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ መድኃኒቱንም እዚያው ጀመረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ እግር መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ወደ ቤተሰቦቹ ተሳፈረ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ መንገደኛ ሻንጣውን እንደያዘ ገባና «ጤና ጣቢያው በየት በኩል ነው?» አለኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ትንሽ ትኩሳት አለኝ። አልጋ የሚያከራዩት እናት ከቆላ መምጣቴን ሲሰሙ፣ ደምህን ሳትመረመር ቁልፍ አልሰጥህም አሉኝ።»

ሻንጣውን ተቀበልኩትና፣ በልቤ እትዬ ዘይነባን እየመረቅኩ መንገዱን አሳየሁት።